ነስር ሁሉ የሙቀት አይደለም

ድሬ ላይ አድጎ አፍንጫው ያልነሰረው ልጅ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አናታችን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስና «ሙቀቱ ነው» ተብሎ ነገሩ ያልቃል። የአክስቴ ልጅ ሲነስረውም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ልጁ ከዓመታት በፊት በባጃጅ አደጋ የላይኛው መንጋጋው ተሰብሮ ተንጋዶ በመግጠሙ ጥርሶቹ አይገናኙም ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ በቀዶ ጥገና አስተካከለና ተመለሰ። በ11ኛው ቀን ትንሽ ነስሮት ቆመ። በ13ኛው ሌሊት ግን ደሙ በአፍም በአፍንጫም ወረደ።

ከዚያ ወዲህ የጤና ተማሪ ጓደኞቼን እያስቸገርኩ ያነበብኩት እንዲህ ነው። ቀዶ ጥገናው «ለ ፎር አንድ» ይባላል፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1901 የፊት አጥንት የሚሰበርባቸውን መስመሮች ካሳየው ፈረንሳዊ ሐኪም ከሬኔ ለ ፎር የመጣ ነው። ሐኪሙ አጥንቱን ከጥርሶቹ ሥር በላይ አግድም ቆርጦ ከኋላ ከተያያዘበት ያላቅቀዋል። ጣጣው እዚያ ጋ ነው፤ ማክሲላሪ የሚባለው ደም ቅዳ ቧንቧና ቅርንጫፎቹ በዚያ ያልፋሉ።

ቧንቧው ቢጎዳም ወዲያው ላይታወቅ ይችላል። በማደንዘዣ ጊዜ የደም ግፊት ዝቅ ይላል፣ ቧንቧው ይኮማተራል፣ የረጋ ደም ቀዳዳውን ይደፍናል። ከቀናት በኋላ የረጋው ሲሟሟ፣ ግፊቱም ሲመለስ ደሙ ይለቀቃል። አንዳንዴ ደግሞ የወጣው ደም በዙሪያው ሥጋ ታግዶ እንደ ከረጢት ያብጣል። ይህ ሐሰተኛ አኑሪዝም ይባላል፤ ከረጢቱ የቧንቧው የራሱ ግድግዳ ስለሌለው ነው እንጂ አደጋውስ እውነተኛ ነው። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሲያጋጥም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣም አለ። ነስሮ መቆም፣ ደግሞ መንሰር ምልክቱ ነው፤ እኛ ግን መቆሙን እንደ መዳን ቆጠርነው።

ሕክምናው አፍንጫን በፋሻ ከመጠቅጠቅ ይጀምራል። መሣሪያው ባለበት በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የሚደማውን ቧንቧ ከውስጥ መድፈን ይቻላል፤ በሌለበት ቧንቧውን በቀዶ ጥገና ማሰር ነው። የእኛ ልጅ እዚሁ አፍንጫው ተጠቅጥቆ፣ አዲስ አበባ ተልኮ ቧንቧው ታሰረለት።

ይህን ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምን አመጣው? እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ፕሮጀክት ሐረር ፊታቸው የተጎዳ የገጠር ሰዎችን ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና ሲወስድ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ዜና ስንሠራ የቀድሞውንና የአሁኑን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገን «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» ብለን እንዘጋለን። እኔ ራሴ ለክፍል ሥራ እንዲሁ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ! በ11ኛው ቀን ሰውየው የት ነው፣ ቢደማ ማን ዘንድ ይደውላል ብዬ አልጠየቅኩም።

ልጁ ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀትም አየሁት። ስለ ለስላሳ ምግብና ስለ መጉመጥመጥ ይናገራል፤ ስለ ነስር አንድ መስመር የለም። አክስቴ እስካሁን ሌሊት ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር ተነስታ መብራት ታበራለች።