ስለ ባክቴሪያ መራባት፥ ስለ ስፖርና ስለ አቈጣጠሩ

ጤናውን ለመጠበቅ የሚሻ ሰው ሁሉ ስለ ባክቴሪያ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚራባ፥ ሁለተኛው ክፉ ጊዜ ሲመጣበት እንዴት እንደሚሸሸግ፥ ሦስተኛው በዓይን የማይታየው ይህ ፍጥረት በላቦራቶሪ እንዴት እንደሚቈጠር ነው። እነዚህን የተረዳ ሰው «ፈልቷልና ምንም አይኖርበትም» ወይም «ጠርቷልና ንጹሕ ነው» በሚል አነጋገር አይታለልም።

1ኛ፤ ስለ መራባት

ባክቴሪያ ከአንድ ሕዋስ ብቻ የቆመ ፍጥረት ነው። ወንድና ሴት ሆኖ አይዋለድም፤ እንቁላልም አይጥልም። ምግብ፥ እርጥበትና የሚስማማው ሙቀት ባገኘ ጊዜ ሰውነቱ ያድጋል፤ የዘር ጠባዩን የሚይዘው ዲ.ኤን.ኤ. እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያም በመካከሉ ግድግዳ ሠርቶ ለሁለት ይከፈላል። ከሁለቱ ወላጅና ልጅ ብሎ መለየት አይቻልም።

በሰውና በእንስሳት አንጀት የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሁሉ ነገር ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ይከፈላል። መምህራን ይህን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ጽፈው ተማሪዎችን ቢያሠሩ መልካም ነው። ከአንድ ባክቴሪያ ተነሥተን በየ20 ደቂቃው እጥፍ ብናደርገው፥ በ1 ሰዓት 8፥ በ2 ሰዓት 64፥ በ4 ሰዓት 4,096፥ በ8 ሰዓት 16,777,216 ይሆናል። እንግዲህ ማታ በምግብ ላይ የተተወ ጥቂት እድፍ ጧት ጥቂት ሆኖ አይገኝም።

ይሁን እንጂ እጥፍ መሆኑ ያለ ወሰን አይቀጥልም። ምግቡ ሲያልቅና ከራሱ የሚወጣው ቆሻሻ ሲከማችበት መራባቱ ይቆማል፤ ብዙውም ይሞታል። ፍጥነቱም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመከፈል ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በላቦራቶሪ አሳድጎ ለማየት ሳምንታት ያስፈልጋሉ።

2ኛ፤ ስለ ስፖር

አንዳንድ የባክቴሪያ ዓይነቶች ምግብ ሲያጡ ስፖር ይሠራሉ። ባክቴሪያው ዲ.ኤን.ኤውን በሰውነቱ ውስጥ ወደ አንድ ወገን ለይቶ በድርብርብ ሽፋን ይጠቀልለዋል፤ ከውስጡም አብዛኛውን ውሃ ያስወጣል። በመጨረሻ የቀረው ሰውነቱ ይፈርስና ስፖሩ ብቻውን ይቀራል። ስፖር አይመገብም፥ አያድግም፥ አይከፈልም፤ ነገር ግን አልሞተም። ምግብና እርጥበት ሲያገኝ ነቅቶ እንደ ቀድሞው መከፈል ይጀምራል። ስፖር የመራቢያ ዘር አለመሆኑንም ልብ ማለት ይገባል። አንድ ባክቴሪያ አንድ ስፖር ይሠራል፤ ከአንድ ስፖርም አንድ ባክቴሪያ ይወጣል። ስለዚህ ስፖር መሸሸጊያ ነው እንጂ መብዣ አይደለም።

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ስፖር እንደሚሠራ በ1876 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ገልጦ ጻፈ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) የስፖርን ጽናት ለመረዳት በስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ ያለችውን የግሪናርድን ደሴት መመልከት ይበቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1942፥ የብሪታንያ መንግሥት አባ ሰንጋን በጦር መሣሪያነት ፈተነባት። ስፖሩ በአፈሯ ውስጥ ስለ ቀረ ደሴቲቱ ለሰው ተከለከለች። በ1986 አፈሯ በባሕር ውሃ በተበረዘ ፎርማሊን ታከመ፤ ደኅና ናት የተባለችውም በ1990 ነው።

በአገራችንም አባ ሰንጋ አለ። በድንገት የሞተ ወይም ሊሞት ሲያጣጥር የተገኘ ከብት ኪሳራን ለመሸሽ ተብሎ ቢታረድ፥ ቢገፈፍ ወይም ቢበላ ታላቅ ጥፋት ያመጣል። ደሙ አየር ሲያገኝ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ስፖር ይሠራሉና ግጦሹ ለብዙ ዓመት ይመረዛል። ሬሳው ሳይከፈት ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይገባል። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያም በአፈርና በፋንድያ ውስጥ በስፖር መልክ ይኖራል። ስለዚህ ምስማር ወይም እሾኽ የወጋው ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ ስለ ክትባቱ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ በአራስ ሕፃን እትብት ላይም ፋንድያ ወይም አፈር ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ፥ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ አገር 3 ደቂቃ ያህል የፈላ ውሃ ስፖር የማይሠሩትን የኮሌራንና የታይፎይድን ባክቴሪያዎች ይገድላልና የመጠጥን ውሃ ማፍላት ምን ጊዜም ይጠቅማል። ብዙውን ስፖር ግን አይገድለውም። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ በእንፋሎት ግፊት በሚሠራው አውቶክሌቭ ውስጥ በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል ይመክናል።

ይህ ነገር የድግስ ቤትንም ይመለከታል። በትልቅ ድስት የተሠራ የሥጋ ወጥ ሲፈላ በውስጡ ያሉት ሕያው ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ስፖሮቹ ግን ይተርፋሉ። ድስቱ ከእሳት ወርዶ ሌሊቱን ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ ለብ ባለው ወጥ ውስጥ ነቅተው ይራባሉ። ከነዚህ አንዱ፥ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው፥ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊከፈል ይችላል፤ በማግሥቱ ለበላው ሰውም የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። የሚያድር ወጥ በትናንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ፈጥኖ ይቀዝቅዝ፤ ሲበላም እስኪፈላ ይሙቅ።

3ኛ፤ ስለ አቈጣጠር

በማይክሮስኮፕ መቍጠር ፈጣን ነው፤ ዳሩ ግን የሞተውንና ሕያው የሆነውን ለይቶ አያሳይም። ሕያዋኑን ለመቍጠር ማሳደግ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለውን፥ ከባሕር ዕፅ የሚወጣውን አጋር የተባለ አርጊ ነገር ለላቦራቶሪ ያሳሰበችው በ1881 ገደማ በማድ ቤቷ የምታውቀው ፋኒ ሄሰ ነበረች። ክዳን ያለውን የመስታወት ሳሕን ደግሞ ዩልዩስ ፔትሪ በ1887 አስተዋወቀ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሚመረመረው ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ተወስዶ በመከነ 9 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበረዛል፤ 10 ጊዜ ቀጠነ ማለት ነው። ይህ 4 ጊዜ ቢደጋገም 10,000 ጊዜ ይቀጥናል። ከመጨረሻው 1 ሚሊ ሊትር ምግብ ካለበት አጋር ጋር በሳሕን ተደባልቆ በማሞቂያ ሣጥን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቈያል። እያንዳንዱ ሕያው ባክቴሪያ በወደቀበት ስፍራ እየተከፈለ ኮሎኒ የሚባል ነጠብጣብ ይሆናል፤ ይህንም ዓይን ያየዋል። 86 ኮሎኒ ቢገኝ፥ 86 በ10,000 ተባዝቶ በዋናው ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 860,000 ነበረ ይባላል። ከ30 በታች ወይም ከ300 በላይ ኮሎኒ ያለበት ሳሕን ግን ለሒሳቡ አይታመንም። ደግሞም ተጣብቀው የወደቁት እንደ አንድ ይቈጠራሉ፤ በዚያ ምግብና ሙቀት የማይበቅሉትም አይቈጠሩም።

ለመጠጥ ውሃ 100 ሚሊ ሊትሩ በቀጭን ወንፊት ተጣርቶ ወንፊቱ በሳሕን ላይ ይቀመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በዚህ ልክ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ እንዳይገኝ ያዛል፤ መገኘቱ ዓይነ ምድር ወደ ውሃው መግባቱን ያስረዳልና።

የመቍጠር ጥቅም በ1892 ኮሌራ በጀርመን ሲገባ ታየ። የኤልብን ወንዝ ውሃ ሳያጣራ የሚጠጣው የሐምቡርግ ከተማ 8,600 ያህል ሰው ሞተበት፤ የዚያኑ ወንዝ ውሃ በአሸዋ አጣርቶ የሚጠጣው ጎረቤቱ አልቶና ግን እጅግ ያነሰ ጉዳት ደረሰበት። ኮክም ማጣሪያው በደኅና መሥራቱ በኮሎኒ ቍጥር እንዲመረመር አሳሰበ።

እንግዲህ የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ የፈላ ወጥም ሳይበላሽ ያድራል ማለት አይደለም። ባክቴሪያ ጊዜ ሲያገኝ ይበዛል፥ ሲቸገር ይሸሸጋል። ስለዚህ ጊዜ አንስጠው፤ የተሸሸገበትንም አፈርና ሬሳ ከቁስላችንና ከማዕዳችን እናርቅ።