ከደኑ እስከ ሐይቁ፦ የተመራማሪዎቻችን ሥራ ለአጥቢያችን የሚያስተምረው

መግቢያ

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ግርጌ፣ ከጥቅጥቁ ደን ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከተማዪቱ ከምንጮቹ ትጠጣለች፤ ምንጮቹን የሚጋርዳቸው ደግሞ ደኑ ነው። ከከፍታው ላይ ሆነን ቁልቁል ስንመለከት አባያና ጫሞ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ ይታያሉ። አገራችን ዛሬ የባሕር በር የላትም፤ ይሁን እንጂ ዓሣ አስግሮ ልጆቹን ለሚያሳድግ የሐይቅ ዳር ነዋሪ ባሕሩ ይህ ነው።

በዚህ ትምህርት ዕፅዋትንና ውኃን በመመርመር ዕድሜያቸውን የሰጡ ኢትዮጵያውያንን ሥራ እንመለከታለን። ዓላማችን ማዕረጋቸውንና ሽልማታቸውን ለመቁጠር ብቻ አይደለም። ምን አይተው ጀመሩ? እንዴት መረመሩ? ያገኙትስ ለማን ጠቀመ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ስንሄድ፣ ለሰበካ ጉባኤያችን ውሳኔ የሚረዳ ትምህርት እናገኛለን።

1. ሌላው ያለፈውን ቆሞ ማየት

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ያጠኑ ነበር። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ያድጋል፤ ከዚያም ወደ ውኃው ወጥቶ የሚታጠበውን ወይም የሚሻገረውን ሰው ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ወንዙን ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጦች ከሌላው ሥፍራ ይልቅ በብዛት ሞተው አዩ።

እንዶድን የማያውቅ አልነበረም። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ ያነጡበታል። አዲስ የሆነው ተክሉ ሳይሆን “ለምን ሞቱ?” የሚለው ጥያቄ ነበር። ያ ጥያቄ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ፤ እርሳቸውም የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶድን ዓይነቶች ሰብስበው በማወዳደር ኃይለኛውን ለዩ፤ ይህም “ዓይነት 44” በመባል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ማስጠንቀቂያዎችን እንወስዳለን። አንደኛ፣ እንዶድ ለዓሣም መርዝ ነው፤ ስለዚህ ያለ ባለሙያ ምክር ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ አይጨመርም። ሁለተኛ፣ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለ ቅርፊት ፍጥረታትን እንደሚገድል ሲታወቅ፣ በዚያ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ አገልግሎቱ ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። የእናቶቻችን ዕውቀት የማን ነው? የሚለው ክርክርም ከዚህ ተነሣ።

2. መዝግቦ ማቆየት

ለዚህ ጥያቄ በዓለም አደባባይ ከተሟገቱት አንዱ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። የአርሶ አደሩና የአገሬው ሰው በዕፅዋቱ ላይ ያለው መብት እንዲከበር የታገሉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ይሁን እንጂ የሚጠበቀው ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980 የኢትዮጵያን ዕፅዋት በሙሉ የመመዝገብ ሥራ በእርሳቸው መሪነት ተጀመረ። ኋላም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ሥራውን ተረክበው መሩት። መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲፈጸም ስምንት ቅጽ ሆኖ፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፅዋትን ይዟል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ ከሚገኘው የኪው የዕፅዋት ተቋም ዓለም አቀፍ ሜዳይ ተሸልመዋል። ልብ እንበል፤ ይህ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ፣ ብዙዎች እየተቀባበሉ የፈጸሙት ሥራ ነው።

ዶክተር መላኩ ወረደ በበኩላቸው ዘር በማቀዝቀዣ ክፍል ብቻ ሳይሆን በአርሶ አደሩ ማሳ ላይም መጠበቅ እንዳለበት አስተማሩ፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1989 ይህንኑ ሽልማት ተቀብለዋል። ለጋሞ ደጋ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በጓሮዋ ብዙ ዓይነት እንሰት ተክላ እያንዳንዱን በስሙ የምትጠራ እናት፣ ያለ ደመወዝ የዘር ጠባቂ ናት።

3. የቤተ ክርስቲያን ደን

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንግባ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዘገቡ። ዙሪያው ገበሬ ያረሰው፣ ከብት የጋጠው ምድር ሲሆን፣ ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው በአባቶች ጥበቃ በዐፀደ ቤተ ክርስቲያን ተርፈዋል።

ነገር ግን ጥናቱ የሚያሳስብ ነገርም ገለጠ። የብዙዎቹ ታላላቅ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀብሮ አይቆይም። እናት ዛፏ ከተቆረጠች በኋላ ከመሬቱ ውስጥ የሚጠብቀን ዘር አናገኝም ማለት ነው። ደግሞም ከብት በሚገባበት ደን የወደቀው ዘር በደንብ አይበቅልም፤ የበቀለውም ይረገጣል፣ ይጋጣል። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ የሆነ ደን፣ ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበትና ሕፃናት የሌሉበት ቤት ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከመሬቱ ተገኘ። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመተባበር፣ ካህናቱና ምእመናኑ ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ ካብ አድርገው ደናቸውን እንዲያጥሩ አገዙ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ።

4. የደጋው አፈር በሐይቁ ውስጥ

ይህ ከዓሣ ጋር ምን ያገናኘዋል? ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ጫሞ ይገባል፤ ሐሬ ወደ አባያ ይወርዳል። ተዳፋቱ ሲራቆት አፈሩ ከጎርፉ ጋር ሐይቅ ይገባል። የአባያ ውኃ ቀላ ብሎ የሚታየው በውስጡ ከተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር የተነሣ ነው። ውኃ ሲደፈርስ ብርሃን ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ቆሮሶ የሚመገባቸው ደቃቅ የውኃ ዕፅዋትም ያለ ብርሃን አያድጉም።

እንደ ዶክተር ኤልያስ ዳደቦ ያሉ ተመራማሪዎች የጫሞን ዓሦች አመጋገብና መራባት አጥንተዋል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዓሣውን መለካት፣ ሆዱን ከፍቶ የበላውን መለየት፣ የእንቁላሉን ሁኔታ በየወሩ መከታተል ያስፈልጋል። ይህ ሲታወቅ ዓሣው በምን ያህል መጠን መራባት እንደሚጀምርና በየትኛው ወራት እንደሚራባ ይታወቃል። የመረብ ዓይን ምን ያህል መስፋት እንዳለበት የሚወሰነውም በዚሁ ነው። ያልወለደውን ዓሣ በጠባብ መረብ የሚያወጣ ሰው፣ ዘሩን ከጎተራ አውጥቶ እንደሚበላ ገበሬ ነው።

5. ለአጥቢያችን ውሳኔ

ሰበካ ጉባኤ የሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲቸግረው ዓይኑ ወደ ግቢው ዛፍ ማየቱ የታወቀ ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ አንንቀውም። ነገር ግን ቆርቆሮ በሌላ ዓመት ይገዛል፤ ተተኪ የሌለውን ዝግባ ግን በልጅ ልጆቻችን ዘመንም አናገኘውም። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

ሀ. ማንኛውም የአገር በቀል ዛፍ ከመቆረጡ በፊት በሥሩ ችግኞቹ መኖራቸው ይታይ።

ለ. ሽማግሌዎችንና እናቶችን በመጠየቅ የግቢው ዕፅዋት በአካባቢው ቋንቋ ስማቸውና ጥቅማቸው ይመዝገብ።

ሐ. ደኑ ይታጠር፤ የከብት መግቢያ ይዘጋ።

መ. ለገቢ የሚተከል ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከነባሩ ደን ርቆ ይተከል።

ሠ. የሐይቅ ዳር አጥቢያዎች ስለ መረቡና ስለ ዓሣው መራቢያ ወራት ከዓሣ ባለሙያዎች ጋር ይመካከሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በግቢያችን ካሉት ታላላቅ ዛፎች ችግኝ የሌለው የትኛው ነው? ለምን?

2. ከግቢያችን የሚወርደው ጎርፍ በየትኛው ወንዝ በኩል የትኛው ሐይቅ ይገባል?

3. በአጥቢያችን ማስተዋልና መጠየቅ የሚወድ፣ ትምህርቱን እንዲቀጥል ልንደግፈው የሚገባ ልጅ ወይም ልጅት ማን ነው?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሳንመልስ አንነሣ። ከላይ ያየናቸው ሊቃውንት ሁሉ አንድ ቀን በአንድ አጥቢያ ልጆች ነበሩ።