ማጣራትና ማመላለስ፦ የሾፌሩ ወረቀት ስንት ይሁን?

በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ስለ ሾፌሮችና መንግሥት ስለሚያደርግባቸው የጸጥታ ማጣራት ነው። አንዳንድ አንባቢ «እኛ ለአስተማሪነት የምንሠለጥን፤ የመናኸሪያ ጉዳይ ምናችን ነው?» ሊል ይችላል። ሆኖም ነገ ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ ላይ ጋይንት ስንመደብ የሚወስደን ሾፌር ነው። መጽሐፉንና ጠመኔውን የሚያደርስልንም እሱ ነው። ከዚህም በላይ ሾፌሩ ከሚጠየቃቸው ወረቀቶች አንዱ የሚወጣው ከእኛው ከአስተማሪዎች እጅ ነው። ይህን ወደ መጨረሻው እናየዋለን።

ማጣራት ለምን ያስፈልጋል?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ሾፌርን ማጣራት ተገቢ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ዳገትና ጉም የበዛበት ነው። በዚህ መንገድ ላይ የብዙ ቤተሰብ ነፍስ በአንድ ሰው እጅ ነው። ነዳጅ የጫነ ቦቴ የሚነዳውማ የአንድ ሙሉ ከተማ አደጋ ይዞ ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭቱ ከተስፋፋና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ፣ በየመንገዱ ሾፌርና ተሳፋሪ እየታገተ ገንዘብ እንደሚጠየቅ ያልሰማ የለም። ስለዚህ ተሳፋሪው «የሚነዳኝ ማን ነው?» ቢል፣ ኬላ ላይ የቆመውም ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ጥያቄው ሌላ ነው። የምንጠይቀው ብዙ ጊዜ በመጠየቃችን የበለጠ እናውቃለን ወይ? ነው።

አንድ ምሳሌ ከትምህርት ቤት

አንድ ተማሪ ሁለት ቀን ቀረ እንበል። የክፍል ኃላፊው «ወላጅ አምጣ» ይለዋል። አባትየው በሬውን ፈትቶ፣ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ይመጣና «ታሞብኝ ነው» ብሎ ይመለሳል። በማግሥቱ የሒሳቡ መምህር ያንኑ ልጅ «ወላጅ አምጣ» ይለዋል። በሦስተኛው ቀን ርእሰ መምህሩም እንዲሁ። አባት ሦስት ጊዜ መጣ፣ መልሱ ግን አንድ ነው። ትምህርት ቤቱ በሦስተኛው ቀን ያወቀው፣ በመጀመሪያው ቀን ያላወቀው ነገር ምንድን ነው? ምንም! የሦስት ቀን እርሻ ግን ቀርቷል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን ማጣራት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ማመላለስ ነው። ማጣራት የማናውቀውን እንድናውቅ ያደርጋል። ማመላለስ ግን የሚታወቀውን ነገር ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ጠረጴዛ በባለጉዳዩ ጀርባ ማጓጓዝ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

አንድ ሾፌር ሲጣራ በመሠረቱ የሚጠየቁት ጥያቄዎች አራት ናቸው።

1ኛ/ ይህ ሰው ማን ነው? ይህን የሚመልሰው መታወቂያ ነው።
2ኛ/ መንዳት ይችላል ወይ? ለዚህ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 አለ። ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ ሥልጠናና ፈተና ይጠየቃል። በተለምዶ መንጃ ፈቃድ የምንለው ነው።
3ኛ/ ከዚህ በፊት ወንጀል ሠርቷል ወይ? ይህን ፖሊስ በጣት አሻራ አይቶ በማስረጃ ይመልሳል። ሰው «አሻራ ልሰጥ ነው» የሚለው ይህንን ነው።
4ኛ/ ጥፋት ቢደርስ ማን ይጠየቃል? ይህ የዋስ፣ ማለትም የተያዥ ጉዳይ ነው።

አራቱም ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ጎበዝ ነጂ ሁሉ ታማኝ አይደለም፤ ታማኝም ሁሉ መንዳት አይችልም። ችግሩ የሚመጣው አንዱን ጥያቄ አራት መሥሪያ ቤት ሲጠይቀው ነው። ቀበሌው «ማን ነህ?» ይላል። መንጃ ፈቃድ ሰጪው «ማን ነህ?» ይላል። ማኅበሩ፣ ባለንብረቱ፣ ኬላው፣ ሁሉም ያንኑ ይላሉ። ሁሉም ኮፒ፣ ፎቶግራፍና ማኅተም ይፈልጋሉ።

እስቲ እናስላው። ቁጥሩን የወሰድነው ለትምህርት ያህል ነው። ከነፋስ መውጫ የመጣ አንድ ወጣት በደብረ ታቦር ሚኒባስ ለመንዳት 5 ወረቀት ያስፈልገዋል እንበል። ለእያንዳንዱ ወረቀት 2 ጊዜ ቢመላለስ፣ አንድ ጊዜ ለማመልከት አንድ ጊዜ ለመቀበል፣ 10 ቀን ይሆናል። ከአሥሩ ቀን ሰው በእርግጥ ተቀምጦ ስለ እሱ ያጣራበት ሰዓት ቢደመር አንድ ቀን አይሞላም። የቀረው ዘጠኝ ቀን የማኅተም ፍለጋ ነው። ቤተሰቡ በዚያ ዘጠኝ ቀን ምን በላ? ይህን የሚያስቡት ጥቂት ናቸው። ደግሞም ቸኩሎ «ነገሩን ላስጨርስልህ» የሚል ደላላ የሚገኘው በዚሁ መካከል ነው። ማመላለስ ሲበዛ ሐሰተኛ ወረቀት ይበዛል። ስለዚህ ጸጥታን ለማጠንከር የተባለው ነገር ጸጥታን ያላላል ማለት ነው።

ከታሪካችን ምን እንማራለን?

ማጣራት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በድሮ ጊዜ አፈርሳታ፣ አውጫጭኝም የሚባል ሥርዓት ነበር። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲሞት የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም። ጥንካሬው ሰው ጎረቤቱን ማወቁ ነው። ድካሙ ደግሞ ለአንድ ሌባ ጥፋት አገር ሁሉ ሥራ መፍታቱ፣ ቂም ያለውም በቂሙ ስም መጥራት መቻሉ ነው።

ቀበሌ በአዋጅ የተቋቋመው ኋላ፣ በከተማ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በደርግ ዘመን ከቦታ ቦታ ለመጓዝ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት መያዝ ያስፈልግ ነበር። ይለፉ ዛሬ የለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 የመዘዋወር ነጻነትን፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ መተዳደሪያን የመምረጥ መብትን ደንግጓል። ነገር ግን ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ የማጻፉ ልማድ ሥሩ ረጅም ነው።

ከዚህ የምንረዳው አለ። የቀበሌ ደብዳቤ ጥሩ ማጣሪያ የሚሆነው ጸሐፊው ሰውዬውን ሲያውቀው ነው። በገጠር ቀበሌ ሊቀ መንበሩ የልጁን አያት ሳይቀር ያውቃል። ልጁ ከተማ ገብቶ ቤት ሲከራይ ግን ደብዳቤ ጻፊው አያውቀውም፤ ማኅተሙን ግን ያሳርፋል። ያን ጊዜ ደብዳቤው ምስክር መሆኑ ይቀርና ወረቀት ብቻ ይሆናል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ አንድ አደጋ በደረሰ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ደብዳቤ ማዘዝም ያለፈውን አይመልስም፤ የሚመጣውንም አያስቀርም።

ሌላ አገርስ?

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 ከደረሰው የሽብር አደጋ በኋላ ሁለት ማጣሪያ ወጣ። አንደኛው ነዳጅ፣ ፈንጂና ይህን የመሰለ አደገኛ ጭነት ለሚነዱ ሾፌሮች ነው። ሁለተኛው ወደብ ለሚገቡ ሠራተኞች የሚሰጥ ካርድ ሲሆን፣ ሕጉ በ2002 ወጥቶ ካርዱ መታደል የጀመረው በ2007 ነው። ሁለቱም የጣት አሻራ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም በ5 ዓመት ይታደሳሉ፤ የሚያጣራውም አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ታዲያ ነዳጅ ጭኖ ወደብ የሚገባ ሾፌር ሁለቱንም ማውጣት አለበት። በዚህ ምክንያት ሾፌሮችና የሕዝብ እንደራሴዎች «አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከተጣራ ይብቃው» እያሉ ለዓመታት ተከራክረዋል።

ሆኖም ከእነሱ የምንወስደው ጥሩ ነገርም አለ። ሰውን ከሥራው የሚያስከለክለው ወንጀል በዝርዝር ተጽፏል። ስለላ፣ የአገር ክህደትና ሽብር ለዘለቄታው ያስከለክላሉ። ሌሎች ብዙ ከባድ ወንጀሎች ግን ገደብ አላቸው፤ ከተፈረደበት 7 ዓመት፣ ከእስር ከወጣም 5 ዓመት ያለፈው ሰው በእነሱ ምክንያት አይከለከልም። የተከለከለውም ምክንያቱ ይነገረዋል፤ ይግባኝ ይላል። ማለትም ሾፌሩ ገና ሳያመለክት ዕድሉን ያውቃል። ይህ ከሁሉ ይበልጣል።

በአገራችን ምን ተጀምሯል?

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የዲጂታል መታወቂያ ሕግ ወጥቷል። ይህ ፋይዳ የሚባለው ነው። የአሥሩም ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ተወስዶ ለአንድ ሰው አንድ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። በወረቀቱ የቀበሌ መታወቂያ አንድ ሰው በሁለት ቀበሌ ሁለት ስም ሊያወጣ ይችል ነበር፤ በፋይዳ ይህ ይከብዳል። ድንጋይ ሲፈልጥ ወይም ሲያርስ የኖረ ሰው የጣቱ መስመር ቢጠፋ እንኳ ዓይኑ አለ።

ነገር ግን እንጠንቀቅ! ፋይዳ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ማን ነህ? የሚለውን። ጥሩ ሰው ነህ ወይ? ለሚለው መልስ የለውም። ስለዚህ ፋይዳ ያሳየን ሾፌር ሁሉ ተጣርቷል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ማንነቱ በፋይዳ ከታወቀ በኋላ ያንኑ ለማረጋገጥ ሦስት ደብዳቤ መጠየቅ ማመላለስ ነው።

ሌሎች ሕጎችም አሉ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ እንዲሰጡ፣ ባለጉዳዩም እንዲሰማ ያዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ሰው የሚሰበሰበው መረጃ ለተባለለት ጉዳይ ብቻ እንዲውል ይፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ቅጣቱን ፈጽሞ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ስሙ እንዲመለስለት ለፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል ይናገራል።

ታዲያ ማቅለል እንዴት?

በእኛ አስተያየት ማቅለል ማለት መተው አይደለም። አራቱም ጥያቄዎች ይጠየቁ። ግን እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ባለቤት ይኑረው፤ ባለቤቱ የመለሰውን ሌላው ይቀበል። ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይሂድ፤ ሰውየው አይሂድ። የሚያስከለክለው ጥፋት ተጽፎ በመናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። መልስ የሚሰጥበት ቀን ይወሰን። የተከለከለም ለምን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይነገረው፤ የት አቤት እንደሚልም ይነገረው። መረጃ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ አንድ ስሕተት በሁሉም ቦታ ስለሚከተል፣ የማረም መብት ከሁሉ በፊት ያስፈልጋል።

የእኛ ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ለመንጃ ፈቃድ የትምህርት ማስረጃ ይጠየቃል ብለናል። ያ ማስረጃ የሚወጣው ከትምህርት ቤት መዝገብ ነው። መዝገቡን የሚጽፈው ማን ነው? አንደኛ ክፍል ተማሪ የሚመዘግበው አስተማሪ ነው፤ ነገ እኛ ነን።

አንድ ልጅ በትምህርት ቤት «ኃይሉ» ተብሎ፣ በቀበሌ «ሀይሉ» ተብሎ፣ በመታወቂያው ደግሞ በላቲን ፊደል በሌላ አጻጻፍ ሊጻፍ ይችላል። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለመዝገብ ሹም ግን ሁለት ሰው ናቸው። የአባት ስም ሲጻፍ «ገብረ ማርያም» ተለያይቶ ወይም «ገብረማርያም» ተጋጥሞ እንደሆነም እንዲሁ። የልደት ቀን ደግሞ አለ። ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለው «ሰባት ዓመት ይሆነዋል» ብለን በግምት እንጽፋለን። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ያ ግምት ሾፌር ሊሆን የፈለገውን ሰው ከመስኮት መስኮት ያመላልሰዋል። «ይህ ስም ያንተ አይደለም» ይባላል፤ ፍርድ ቤት ሂድ ይባላል። ምንም ያላጠፋ ሰው እንደ ተጠርጣሪ ይቆማል።

ስለዚህ ስም ስንመዘግብ እናትና አባትን እንጠይቅ። የልደት ወይም የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ ወይም ሌላ ማስረጃ ካለ አይተን እንጻፍ። በሁሉም ዓመት አንድ ዓይነት ፊደል እንጠቀም። የቀድሞ ተማሪ ማስረጃ ፈልጎ ሲመጣም «ነገ ና» ከማለት መዝገቡን በዚያው ቀን እናውጣለት። የመንግሥትን አሠራር እኛ ብቻችንን አንለውጥም፤ ከአምስቱ ወረቀት አንዱን ግን ማቅለል በእጃችን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማጣራትንና ማመላለስን በራሳችሁ ምሳሌ ለይታችሁ አስረዱ።
2. የአፈርሳታ ጥንካሬና ድካም ምን ነበር? ከዛሬው የድጋፍ ደብዳቤ ጋር አስተያዩ።
3. አንድ ሰው የዛሬ አሥር ዓመት ታስሮ ነበር። ዛሬ ባጃጅ ሊነዳ ይፈልጋል። ይፈቀድለት? ምክንያታችሁን ስጡ።
4. በመምህርነት ልምምድ በምትሄዱበት ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል መዝገብ ተመልከቱ። ስማቸው በሁለት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ስንት ተማሪዎች አገኛችሁ?