ሎክ በከርነል ውስጥ፦ የትኛው፣ መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል?

የኦፕሬቲንግ ሲስተም ትምህርት የወሰደ ተማሪ ሁሉ ሎክ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሁለት ሥራዎች አንድን ዳታ እኩል እንዳይነካኩት መከላከያ ነው። ፈተና ላይ ይህን መጻፍ አይከብድም። ለከርነል ኮድ ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ተራ ፕሮግራም በሎክ ቢሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ራሱ ነው፤ ከርነል ከተሳሳተ ግን መላው ማሽን ቀጥ ሊል ይችላል። ሊኑክስን ምሳሌ አድርገን ነገሩን እንመልከት።

አንድ የኔትወርክ ድራይቨር የደረሱትን ፓኬቶች ይቆጥራል እንበል። 1 መጨመር ለእኛ አንድ ሥራ ይመስላል። ለፕሮሰሰሩ ግን ማንበብ፣ መደመርና መልሶ መጻፍ ነው። ሁለት ፕሮሰሰሮች እኩል 7ን ካነበቡ ሁለቱም 8 ብለው ይጽፋሉ፤ መሆን የነበረበት ግን 9 ነው። ቆጠራ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው። የሊስት ፖይንተር ቢሆን ግን ሜሞሪ ይበላሻል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሊኑክስ 2.0 ለዚህ የሰጠው መልስ ቢግ ከርነል ሎክ የተባለ አንድ ትልቅ ሎክ ነበር። አንዱ ፕሮሰሰር ከርነል ውስጥ ሲሠራ ሌሎቹ ወረፋ ይጠብቃሉ። ሎኩ ቀስ በቀስ በትናንሽ ሎኮች ተተክቶ በ2011 በወጣው 2.6.39 ላይ ጨርሶ ተወገደ። በዚህም ፍጥነት ተገኘ፤ ጥንቃቄውም በዚያው ልክ ጨመረ። ዋና ዋናዎቹ ጥንቃቄዎች 3 ናቸው።

1ኛ፦ ዓይነቱን መምረጥ። ስፒንሎክ የሚጠብቀውን ፕሮሰሰር እዚያው ያሽከረክረዋል፤ ሚውቴክስ ግን ጠባቂውን ሊያስተኛው ይችላል። ስለዚህ ስፒንሎክ ለአጭር ሥራ ነው፤ በተለመደው ከርነል ስፒንሎክ ይዞ መተኛት ክልክል ነው። ከተጠቃሚ ሜሞሪ መቅዳት የመሰለ ሊያስተኛ የሚችል ሥራ ካለ፣ ሎኩ ከመያዙ በፊት ይጠናቀቅ።

2ኛ፦ ኢንተራፕትን ማሰብ። ድራይቨሩ ስፒንሎክ ይዞ እያለ በዚያው ፕሮሰሰር ላይ ኢንተራፕት ቢመጣስ? የኢንተራፕቱ ኮድ ያንኑ ሎክ ከፈለገ መሽከርከር ይጀምራል። የያዘው ኮድ ደግሞ ኢንተራፕቱ ካላለቀ አይቀጥልም። በቃ፣ ሁለቱም ቆሙ። መፍትሔው ስፒን ሎክ አይአርኪው ሴቭ ነው። ይህ ሎኩን ከመያዙ በፊት በዚያ ፕሮሰሰር ላይ ኢንተራፕትን ይዘጋል፤ ሲለቅም የቀድሞውን ሁኔታ ይመልሳል።

3ኛ፦ ቅደም ተከተል። አንዱ ሀን ይዞ ለን ሲጠብቅ፣ ሌላው ለን ይዞ ሀን ቢጠብቅ ማንም ለማንም አይለቅም፤ ዲድሎክ የምንለው ይህ ነው። ሁልጊዜ ሀ ቀድሞ ለ ይከተል የሚል ስምምነት ካለና ሁሉም ካከበረው ይህ ዓይነቱ ዲድሎክ አይፈጠርም። ስምምነቱን ኮሜንት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ደግሞ ነገ ኮዱን ለሚነካው ሰው ትልቅ ውለታ ነው።

ታዲያ ኮዱን ሞክረን ከሠራ አይበቃም ወይ? አይበቃም። ፕሪኤምፕሽን በሌለው የአንድ ፕሮሰሰር ከርነል ላይ ተራ ስፒንሎክ ሲኮምፓይል ከሞላ ጎደል ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ስህተቱ ተደብቆ ያልፋል። በብዙ ፕሮሰሰር ላይም ቢሆን ሁለቱ ሥራዎች በዚያች ቅጽበት ካልተገጣጠሙ ምንም አይታይም። በ2006 በ2.6.18 የገባው ሎክዴፕ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሎኮች የተያዙበትን ቅደም ተከተል እየመዘገበ፣ ዲድሎኩ ገና ሳይደርስ ያስጠነቅቃል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው። ሆኖም ሲሠራ ያላየውን የኮድ መንገድ ሊያውቅ አይችልም።

በአጠቃላይ፣ ሎክ ስለጨመርን ብቻ ኮዱ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ከመቆለፋችን በፊት 3 ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ ይህን ዳታ ሌላ ማን ይነካዋል? ከኢንተራፕት ነው ወይስ ሊተኛ ከሚችል ሥራ? በእጄ ሌላ ምን ሎክ አለ? እነዚህን መመለስ ካልቻልን ኮዱ ዛሬ ቢሠራም ለነገ ዋስትና የለውም።