ለውሻ የሚጣል ቁራሽና የቤተ ሰብ ጤና

በበዓል ቀን በግ በታረደበት ግቢ ውሻው ከቢላዋው ርቆ አይሄድም። በጉ ተገፍፎ ሆዱ በተከፈተ ጊዜ ሰው የማይበላው፥ ይኸውም ሳንባውና የተበላሸ የሚመስለው የጉበቱ ክፍል፥ ይጣልለታል። ይህን የሚያደርግ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በር ለሚጠብቅለት እንስሳ የድካሙን ዋጋ መክፈሉ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ለውሻ ከሚሰጡት ቁራሾች ኹሉ ለቤተ ሰብ ጤና እጅግ የሚያሠጋው ይኸው ጥሬ የሆድ ዕቃ ስለ ሆነ፥ አስቀድመን ስለ እርሱ እንናገራለን።

በበግ፥ በፍየል፥ በከብትና በግመል ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንድ ጊዜ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል፤ መጠኑም ከሽንብራ አንሥቶ እስከ ብርቱካን ይደርሳል። በሐኪሞች ዘንድ ሃይዳቲድ የሚባለው ይህ ከረጢት በውስጡ እጅግ ብዙ የትል እጮችን ሊይዝ ይችላል። ውሻው ጥሬውን በበላው ጊዜ እጮቹ በአንጀቱ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ያደገው ትል ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሆኖም ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር መውጣት ይጀምራል። ውሻው ብዙ ጊዜ አይከሳም፥ የሕመም ምልክትም አያሳይም፤ ስለዚህ ባለቤቱ አንዳች አይጠረጥርም።

እንቁላሉ በዐይን የማይታይ ሲሆን በሣር፥ በጓሮ አትክልት፥ በውኃና በውሻው ጠጕር ላይ ያርፋል፤ በርጥብና በቀዝቃዛ ስፍራም ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቈያል። ሕፃን ልጅ ውሻውን አሻሽቶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ቢቈርስ እንቁላሉ ወደ ሆዱ ይገባል፤ በጉበቱ ወይም በሳንባውም ውስጥ በበጉ እንደ ታየው ያለ ከረጢት ያበጃል። ከረጢቱ ቀስ እያለ ስለሚያድግ ሰውየው ለብዙ ዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። ሲታወቅ ግን ብዙውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ወይም ረዘም ያለ የመድኃኒት ሕክምና ይጠይቃል፤ በሰውነት ውስጥ ቢፈነዳ ለሞት እስከ ማድረስ ይችላል። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ በሽታው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው።

ብዙ ሰው ይህ በሽታ የሚይዘው ከረጢት ያለበትን ጉበት በመብላት ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ከረጢቱ ወደ ሰው በሽታ የሚለወጠው በውሻ አንጀት ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ የመንገዱ መዝጊያ ያለው በዐራጁ እጅ ነው።

አይስላንድ የምትባለው የበግ አርቢዎች ደሴት በዚህ በሽታ ክፉኛ ተጐድታ ነበር። ሐራልድ ክራቤ የተባለው የዴንማርክ ተመራማሪ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1863 ወደዚያ ሄዶ ነገሩን መረመረ፤ በ1864ም መከላከያውን የምታስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ለሕዝቡ በነጻ ታደለች። ዛሬ በሽታው ከደሴቲቱ ጠፍቷል። (የጤና ጽሑፍ ማን ያነበዋል ለሚሉን ይህን እንጠቅሳለን።)

ስለሆነም ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት ውሻ ቈፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር፥ ወይም ይቃጠል። ንጹሕ የሚመስለውን ለውሻ መስጠት የሚፈልግ ቈራርጦ ለ30 ደቂቃ በሚፈላ ውኃ ይቀቅለው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ባለበት ስፍራ ውሾች ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ እንዲወስዱ ይመክራል።

ከዚህ የቀረው ቀላል ነው። ጨውና በርበሬ ያልነካው የተቀቀለ ሥጋ፥ የተቀቀለ ዕንቁላል፥ ካሮት ወይም ዱባ፥ ወጥ ያልነካው ቍራጭ እንጀራ ለውሻ መልካም ቁራሽ ነው። ይሁን እንጂ ቁራሹ ከዕለት ምግቡ ከዐሥር እጅ አንዱን አይለፍ፤ አለዚያ ውሻው ይወፍራል።

የዶሮ ወጥ ትራፊ ግን ለውሻ ደግነት አይደለም። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፥ ቢበስልም ባይበስልም፥ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እንደ ስንጥር ተሰብሮ ጕሮሮና አንጀት ይወጋል። ቸኮላታ፥ ወይንና ዘቢብ ደግሞ መርዝ ይሆኑበታል። ስኳር የሌለበት እየተባለ በሚሸጥ ማስቲካ ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ በውሻ ደም ያለውን ስኳር በድንገት ስለሚያወርድ፥ ልጆች ማስቲካቸውን ለውሻ እንዳያካፍሉ ይነገራቸው። ውሻው ከእነዚህ አንዱን ከበላ ማስታወክና መንገዳገድ እስኪጀምር ሳይጠበቅ፥ የበላው ነገር መጠቅለያ ተይዞ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።