የኮምፒውተራችሁ ድምፅ ለምን አነሰ? አዲስ ስፒከር ከማዘዛችሁ በፊት

«የኮምፒውተሬ ድምፅ በጣም ቀንሷል፤ ስፒከሩ ተበላሽቶ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ስፒከር ሊያዙ ምንም ያልቀራቸው ናቸው። እኔ ግን ስፒከሩ ራሱ ተበላሽቶ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ድምፅ ከፋይሉ ተነስቶ ጆሯችን እስኪደርስ የሚሄድበትን መንገድ እየተከተልን የት ላይ እንደሚቀር እንፈልግ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ይሁን የስፒከሩ እንለይ። የስፒከሩን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ባለው ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ሰኩት። እዚያ ደህና ከጮኸ ችግሩ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። እዚያም ካነሰ ስለ ዊንዶውስ ያለውን ዝለሉና ስለ ጃክና ስለ ኤሌክትሪክ ወደጻፍኩት ሂዱ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ ግን የፍለጋውን ግማሽ ይቀንስላችኋል።

ኮምፒውተሩ ላይ ከሆነ፣ ድምፁን የሚቀንሰው ቦታ አንድ ብቻ እንዳልሆነ አስታውሱ። ዩቲዩብ የራሱ መቆጣጠሪያ አለው፤ ብሮውዘሩ በዊንዶውስ ቮልዩም ሚክሰር ውስጥ የራሱ አለው፤ ከዚያ የዊንዶውስ ዋናው አለ፤ በመጨረሻም ስፒከሩ ላይ ያለው መዘውር አለ። እነዚህ አይደመሩም፣ ይባዛሉ። እያንዳንዳቸው የሞገዱን ከፍታ በግማሽ ቢቆርጡ ከአራቱ በኋላ የሚተርፈው አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። በዴሲቤል ስናስበው እያንዳንዱ ግማሽ የ6 ዴሲቤል ቅናሽ ነው፤ አራቱ 24 ይሆናሉ። የሰው ጆሮ 10 ዴሲቤል ያህል ሲቀነስ ድምፁ በግማሽ የወረደ ይመስለዋል፤ ስለዚህ 24 ሲቀነስ የሚሰማን የመጀመሪያው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። አንዱም መቆጣጠሪያ ዜሮ ላይ አልደረሰም፤ እኛ ግን ስፒከሩን እየረገምን ነው።

ፕሮግራም ለምትጽፉ አንድ ነገር ልጨምር። ስክሪን ላይ የሚታየው 50 ከመቶ ሁልጊዜ የሞገዱ ግማሽ ማለት አይደለም። ሊኑክስ ላይ ፓልስኦዲዮ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ በራሱ ያባዛዋል፦ 0.5 ወደ 0.125 ይወርዳል፣ ይህም 18 ዴሲቤል ገደማ ቅናሽ ነው። የሚደረገውም ጆሯችን ድምፅን በቀጥታ መስመር ስለማይሰማ ነው። የራሳችሁን ማጫወቻ ስትሠሩ የስላይደሩን ቁጥር እንዳለ ከሳምፕሉ ጋር ካባዛችሁት፣ ተጠቃሚው ለውጡ ሁሉ ታችኛው ጫፍ ላይ የተጠራቀመ ይመስለዋል።

ወደ ዊንዶውስ እንመለስ። የስፒከሯን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ቮልዩም ሚክሰርን ክፈቱና ብሮውዘሩ ወርዶ እንደሆነ እዩ። ብዙዎች የማያውቁት ግን ሌላ ነው። በድሮው የሳውንድ መስኮት ውስጥ ኮሚዩኒኬሽንስ የሚል ገጽ አለ። ዊንዶውስ ጥሪ ላይ ያላችሁ ሲመስለው ሌሎች ድምፆችን በ80 ከመቶ እንዲቀንስ ከመጀመሪያው ተስተካክሎ የሚመጣው እዚያ ነው። ከአገር ቤት ቤተሰብ ጋር በኮምፒውተር የሚያወራ፣ ወይም የጥሪ ፕሮግራሙን ሳይዘጋ የሚተው ሰው፣ ሙዚቃው ለምን እንደሰለለ ግራ ቢገባው አይገርምም። «ዱ ናቲንግ» የሚለውን ምረጡና ገላገሉት።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ ተርሚናል ከፍታችሁ አልሳሚክሰርን አስነሱ። ከላይ የምታዩት መቆጣጠሪያ መቶ ላይ ሆኖ ከሥር ማስተር ወይም ፒሲኤም ወርዶ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለው የድምፅ ካርድ ለመምረጥ ኤፍ 6ን ተጫኑ።

አሁን ወደ ጃኩ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ዘፈን ከፍታችሁ ክራሩና ማሚቶው እየተሰማ የዘፋኙ ድምፅ ከጠፋ፣ ጃኩ በደንብ አልገባም ወይም ገመዱ ውስጥ አንዱ ሽቦ ተቆርጧል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ጃኩ ላይ ሦስት መገናኛዎች አሉ፤ የግራ፣ የቀኝና የጋራ መመለሻው። መመለሻው ሲቋረጥ የጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው የግራና የቀኝን ልዩነት ብቻ ይሆናል። ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚቀረጽ ሲቀናነስ ዜሮ ይሆናል፤ በአንድ ጎን የተቀመጡ መሣሪያዎች ግን ይተርፋሉ። የካራኦኬ ፕሮግራሞች ድምፅ የሚያጠፉበት ቀላሉ ዘዴም ይኸው ነው። ጃኩን «ቀጭ» እስኪል ግፉት፤ ካልተስተካከለ ሌላ ገመድ ሞክሩ።

ቀለሙንም እዩ። ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ባወጡት ፒሲ 99 መመሪያ መሠረት አረንጓዴው ለስፒከር፣ ሮዙ ለማይክሮፎን፣ ሰማያዊው ደግሞ ከውጭ ድምፅ ማስገቢያ ነው። አረንጓዴው ላይ ተሰክቶም ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ከሆነ፣ ስፒከሩ የራሱ ማጉያ የሌለው ሊሆን ይችላል። ወደ ግድግዳ ሶኬት ወይም ወደ ዩኤስቢ የሚሄድ ገመድ ከሌለው፣ ባትሪም ከሌለው፣ መሃል ላይ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል።

ስለ ግድግዳ ሶኬት ካነሳን፣ አገር ለቀየረ ሰው ትልቅ ጉዳይ አለ። አንድ ወዳጄ ከዱባይ ወደ አሜሪካ ሲዛወር ስፒከሩን ሻንጣው ውስጥ ይዞ ሄደ። የሶኬት ማስማሚያ ገዝቶ ሰካው፤ ድምፁ ግን ደካማ ሆነ፣ ከፍ ሲያደርገውም ይንሻጠጣል። ዱባይ 230 ቮልት ነው፣ አሜሪካ 120። የሶኬት ማስማሚያ እግሩን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ውስጡ ተራ ትራንስፎርመር ያለው ስፒከር ግማሽ ቮልት ሲያገኝ ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፦ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ የትም ይሠራል። 120 ብቻ የሚለውን ግን ለዘመድ ብላችሁ ወደ ኢትዮጵያ አትላኩ፤ በ220 ቮልት ድምፁ ማነሱ ሳይሆን መቃጠሉ ነው የሚያሳስበው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አንዳንድ ቪዲዮ ብቻ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ጥፋቱ የቅጂው ነው። ከድሮ ካሴት የተገለበጡ የአማርኛ ዘፈኖችና ድራማዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ቪዲዮው ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ክፈቱ። ኮንተንት ላውድነስ ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር ከዜሮ በታች ከሆነ ቅጂው ከዩቲዩብ መለኪያ ያነሰ ነው። ዩቲዩብ በተለመደው አሠራሩ የጮኸውን ይቀንሳል እንጂ ያነሰውን ከፍ አያደርግም። በአንድ ጎን ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ ሞኖ ኦዲዮን አብሩ። ፋይሉ እጃችሁ ላይ ካለ ቪኤልሲ እስከ 125 ከመቶ ይወስደዋል፤ ከዚያ በላይ መግፋት የሞገዱን ጫፍ ይቆርጥና ድምፁን ያሻክረዋል።

ካሴት ገልብጣችሁ የምትጭኑት እናንተ ከሆናችሁ ግን ሥራውን ከምንጩ ጨርሱት። ኦዳሲቲ ውስጥ ላውድነስ ኖርማላይዜሽንን ከፍታችሁ ከዜሮ በታች 14 ላይ አድርጉት፣ ጫፉ እንዳይቆረጥም ሊሚተር ተጠቀሙ፤ መጀመሪያ የገለበጣችሁትን ንጹሕ ፋይል ግን ሳትነኩ ለብቻው አስቀምጡት።