ጎዳናው ሁለት ስም አለው፣ ፋይሉ ግን አንድ ብቻ፦ ስፕሪንግ ቡት 3 የተወው መዝገብ

በጆሐንስበርግ መሀል ከተማ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች የሚበዙበት ጎዳና ስሙ ከተለወጠ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ካርታው «ራሂማ ሙሳ» ይለዋል፤ ነጋዴውና ደንበኛው ግን ዛሬም «ጄፒ» ይሉታል፤ መንገድ የሚጠፋበትም የለም።

ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ትዝታ የለውም። ስፕሪንግ ቡት የተሰኘው የጃቫ ማዕቀፍ መተግበሪያን ሲያስነሳ በውስጡ ያሉትን ላይብረሪዎች እየፈተሸ ራሱን ያዋቅራል፤ የዳታቤዝ ላይብረሪ ካገኘ ግንኙነቱን ራሱ ያዘጋጃል። የትኞቹን የማዋቀሪያ ክላሶች መመልከት እንዳለበት የሚያውቀው በየላይብረሪው ከተቀመጠ የስም ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ለዓመታት «ስፕሪንግ ፋክተሪስ» በተባለ ፋይል ውስጥ ኖሯል። ፋይሉ የብዙ ጉዳዮች ማከማቻ ነበር። የክላሶቹ ስሞች በኮማ እየተለያዩ በአንድ ቁልፍ ሥር ይደረደራሉ፤ በመስመር መጨረሻ ላይ አንዲት የመቀጠያ ምልክት ከተረሳች ቀጣዩ ስም ከዝርዝሩ ይወጣል። አዲሱ ፋይል ስሙ «ኢምፖርትስ» በሚል ቃል ያበቃል፤ አንድ ተግባር ብቻ አለው፤ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ክላስ ይጻፍበታል። ለውጡ ተገቢ ነበር ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የወጣው እትም 2.7 ሁለቱንም ፋይሎች ያነብ ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የወጣው 3.0 ግን የማዋቀሪያ ክላሶችን ከአሮጌው ፋይል መፈለግ አቆመ። አሳሳቢው ዝምታው ነው። አንድ የክፍያ ድርጅት የገንዘብ ዝውውርን የሚመዘግብ የራሱ ላይብረሪ አለው እንበል። ላይብረሪው በአሮጌው ፋይል ብቻ ከተመዘገበ፣ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል በግድ እስካልጠየቀው ድረስ መተግበሪያው ያለ ስህተት ይነሳል፤ ክፍያውም ያልፋል፤ መዝገቡ ግን ባዶ ይቀራል። የ2.7 ነጻ ድጋፍ በ2023 መጨረሻ ገደማ ስላበቃ በአሮጌው እትም መቆየትም መፍትሔ አይሆንም።

አሮጌውን ፋይል ጨርሶ መሰረዝ ሌላ ስህተት ነው፤ ሌሎቹ ቁልፎች ዛሬም ከእርሱ ይነበባሉ። በሁለቱም ትውልዶች ላይ እንዲሠራ የሚፈለግ ላይብረሪ ክላሶቹን በሁለቱም ፋይሎች ሊያስመዘግብ ይችላል፤ 2.7 የተደገመውን ስም አንድ ጊዜ ብቻ ይወስዳል። ከዚያ መተግበሪያውን በዲበግ ሁኔታ አስነስቶ የሚወጣውን የማዋቀሪያ ሪፖርት ማንበብ ያስፈልጋል፤ የላይብረሪው ክላስ በሪፖርቱ ከሌለ፣ ስፕሪንግ ቡት አላየውም ማለት ነው።